የሚጠብቀውን ማን ይጠብቀዋል? ከፋብሪካ የታዘዘ አዲስ መኪናና የወረፋ ኢኮኖሚ

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ሲሆን፣ ከድምፅ ቅጂው ተገልብጦ መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



 የዛሬው ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግሥት አንድ ወዳጄ መምህር ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ «ተማሪው በታክሲ ሰልፍ እየዋለ አንተ ስለ አዲስ መኪና ልታወራ ነው?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሰጠሁት መልስ ግን ይህ ነበር፦ መኪናው ምሳሌ ነው፤ ጉዳዬ ወረፋው ነው። የታክሲ ሰልፍም፣ የኮንዶሚኒየም ምዝገባም፣ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄም፣ ከፋብሪካ የታዘዘ መኪናም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ መካከል መኪናውን የመረጥሁት ወረፋው ረጅም ስለሆነ፣ ገንዘቡም ብዙ ስለሆነ የወረፋን ባሕርይ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እርሱን ወደ መጨረሻው አካባቢ እናገራለሁ።

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛችን «መጠበቅ» ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ የሚመጣን ነገር ደጅ እያዩ መቆየት ነው፤ ሌላው አንድን ነገር እንዳይጠፋ፣ እንዳይሰረቅ፣ እንዳይበላሽ መከላከል ነው። ወረፋ የያዘ ሰው ሁለቱንም ይሠራል። ዕቃው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ተራውንም እንዳይወሰድበት ይጠብቃል። እኔ ዛሬ ሦስተኛ ጥያቄ ልጨምርበት እወዳለሁ፦ የሚጠብቀውን ሰውስ ማን ይጠብቀዋል? ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ፣ ዕቃው በሌላ አገር ሆኖ በቆየበት በዚያ ዘመን ውስጥ ዋጋ ቢለወጥ፣ ሕግ ቢለወጥ፣ ባሕር ቢዘጋ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ፋብሪካው ለምን ያስጠብቃል?

መኪና አምራች ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል፤ ወይም ሁለቱን ያቀላቅላል። አንደኛው አስቀድሞ አምርቶ ገዢ እስኪመጣ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ገዢው ካዘዘ በኋላ ማምረት ነው። በመጀመሪያው መንገድ መኪናው ሰውን ይጠብቃል፤ በሁለተኛው ሰው መኪናውን ይጠብቃል። ምንም ጥበቃ የሌለበት መንገድ የለም። ልዩነቱ የጥበቃው ወጪ በአምራቹ መጋዘን ውስጥ ይቀመጥ ወይስ በገዢው ሕይወት ውስጥ የሚለው ነው።

ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ፣ የአንድ ሞዴል ቲ ሻሲ መገጣጠሚያ ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል ወደ 93 ደቂቃ ያህል ወረደ። ለዚህ ፍጥነት ገዢው የከፈለው በምርጫው ነበር፤ ከ1914 እስከ 1925 ድረስ መኪናው በጥቁር ቀለም ብቻ ይወጣ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ የእኔ የተባለች መኪና እስክትመረት መጠበቅ አያስፈልግም፤ በር ላይ የቆመችው ሁሉ የእኔ ልትሆን ትችላለች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ውስጥ ሁኔታው ሌላ ነበር። ገንዘብ አጥሯል፣ ቦታ ጠቧል፣ ገበያው ትንሽ ነው፤ የሚፈለገው የመኪና ዓይነት ግን ብዙ ነው። የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ የአሜሪካን ሱፐርማርኬቶች አሠራር ልብ ብሎ ነበር። እዚያ መደርደሪያው የሚሞላው ደንበኛው ባነሣው ልክ ነው። ኦኖ ይህን ወደ ፋብሪካ አመጣው፦ የሚያስፈልገውን፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ማምረት። የኋለኛው የሥራ ክፍል ለፊተኛው ካንባን በተባለ ካርድ ፍላጎቱን ያሳውቃል፤ ካርድ ካልመጣ አይመረትም። መጋዘኑ ባዶ ሆነ፤ ወጪው ቀነሰ፤ ጥራቱም ተሻሻለ። ነገር ግን ባዶ መጋዘን ማለት ምንም መጠባበቂያ የሌለው መስመር ማለት እንደሆነ በኋላ እናያለን።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። አንድ መኪና እስከ ትንንሿ ብሎን ቢቆጠር 30,000 ያህል ክፍሎች አሉት። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ መኪናው ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶና ተገጣጥሞ ከፋብሪካው ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ በሰዓታት፣ ቢበዛ በጥቂት ቀናት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ስምንት ወር ወይም ሁለት ዓመት የሚጠብቅ ሰው እየጠበቀ ያለው የመኪናውን መሠራት አይደለም። ተራውን ነው የሚጠብቀው፤ የሻጩን ኮታ፣ የአንዲት ዕቃ መምጣትን፣ የመርከብ ቦታን፣ የባንክ ፈቃድን ነው የሚጠብቀው።

ተራ ደግሞ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው። የዴንማርኩ ሊቅ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የኮፐንሃገንን የስልክ ጥሪዎች አጥንቶ የወረፋን ሳይንስ መሠረት ጣለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሊትል ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ በማስረጃ አጸና። ሕጉ ቀላል ነው፦ አማካይ የጥበቃ ጊዜ በወረፋው ውስጥ ያሉት ሰዎች ቁጥር በወር ለሚስተናገዱት ሰዎች ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። 1,200 ሰው አዝዞ ሻጩ በወር 50 መኪና የሚያስረክብ ከሆነ ጥበቃው 24 ወር ነው። በየወሩ 80 አዲስ ትእዛዝ እየተቀበለ 50 ብቻ የሚያስረክብ ከሆነ ደግሞ ወረፋው በየወሩ በ30 ሰው ይረዝማል፤ የመጨረሻው ሰው የሚጠብቀው ጊዜም እንዲሁ። እንግዲህ «ስምንት ወር ይበቃል» የሚል ሻጭ ሁለት ቁጥሮችን ማወቅ አለበት። ከፊቴ ስንት ሰው አለ? በወር ስንት ታስረክባላችሁ? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የማይሰጥ ሻጭ ስምንት ወር ሲል ተስፋ እየነገረን ነው።

የዝዊካው ወረፋ

ወረፋ ሥርዓት ሆኖ ወደ ኖረበት አገር እንሂድ። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን፣ በዝዊካው ከተማ፣ ትራባንት የተባለች ትንሽ መኪና ከ1957 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ተመርታለች። ሞተሯ ባለ ሁለት ምት ነበር፤ የውጭ አካሏ የሚሠራው ከጥጥ ተረፈ ምርትና ከሙጫ ከተቀመመ ዱሮፕላስት ከተባለ ቁስ ነበር፤ ብረት ውድ ነበርና። ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ትራባንቶች ተመርተዋል። ሆኖም አንዲት አዲስ ትራባንት ለማግኘት ከ10 ዓመት በላይ መጠበቅ የተለመደ ነበር። ቤተሰቦች ልጃቸው 18 ዓመት ሲሞላው ወዲያው ያስመዘግቡታል፤ ጎልማሳ ሲሆን እንዲደርሰው ነው። ከዚህ የተነሣ እንግዳ የሆነ ነገር ታየ። ያገለገለች ትራባንት ከአዲሷ በላይ ትሸጥ ነበር፤ አሮጌዋ ዛሬ ትገኛለችና።

ይህ ለኢኮኖሚስት ትልቅ ትምህርት ነው። መንግሥት የአዲሷን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ወስኗል። ሆኖም ዋጋ በአዋጅ ሲወርድ ልዩነቱ አይጠፋም፤ መልኩን ቀይሮ በጊዜ ይከፈላል። ዮራም ባርዘል እ.ኤ.አ. በ1974 በጥበቃ ስለሚደረግ ድልድል ሲጽፍ ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ በወረፋ የሚሰጥ ነገር በነጻ የተሰጠ ቢመስልም ሰው በጊዜው ይገዛዋል። ሃንጋሪያዊው ያኖሽ ኮርናይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው የእጥረት ኢኮኖሚክስ ጥናቱ እጥረት የአንድ ዘመን አጋጣሚ ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ ዘወትር የሚወልደው ውጤት መሆኑን አስረዳ። ገዢው የሚሄድበት ሌላ በር ከሌለው ሻጩ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

በዚያው አገር ግን ወረፋውን የሚዘልል በር ነበር። ጌኔክስ የተባለው የስጦታ አገልግሎት በምዕራብ ጀርመን ያለ ዘመድ በምዕራቡ ማርክ ከከፈለ፣ በምሥራቅ ያለው ቤተሰቡ ዓመታት ሳይጠብቅ መኪናውን እንዲረከብ ያደርግ ነበር። ጠንካራ ምንዛሪ ያለው ዘመድ ወረፋውን አሳጠረ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመጣ ያስፈልገናል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 የበርሊን ግንብ ሲፈርስ፣ ሰዎች ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመታት ተራ የያዙባት መኪና ፈላጊ አጣች። ምርቷም በሚያዝያ 1991 ተቋረጠ። ያ ሁሉ ወረፋ የፍቅር መለኪያ አልነበረም፤ የአማራጭ እጦት መለኪያ ነበር። ስለዚህ ማንም ሻጭ በደጁ የተሰለፈውን ሕዝብ አይቶ «ምን ያህል እንደምንወደድ እዩ» ቢል፣ የትራባንትን ታሪክ እናስታውሰው።

ፋብሪካውም ወረፋ ሲይዝ

ወረፋ የሶሻሊዝም ልጅ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሌላ ትምህርት ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ መኪና አምራቾች ሽያጭ ይወድቃል ብለው የኤሌክትሮኒክ ቺፕ ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ቺፕ አምራቾችም ፊታቸውን ኮምፒውተርና ስልክ ወደሚሠሩት አዞሩ፤ ዓለም በሙሉ ከቤቱ እየሠራ ነበርና። የመኪና ገበያው ከታሰበው ቀድሞ ሲያንሰራራ አምራቾቹ ተመልሰው መጡ፤ ተራቸው ግን በሌላ ተይዞ ነበር። አንድ ቺፕ ተመርቶ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በጃፓን ናካ የሚገኘው የሬኔሳስ ቺፕ ፋብሪካ በእሳት ተጎዳ፤ በዚያው ወር ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀናት ዘጋች። በዚያ ዓመት 7.7 ሚሊዮን መኪና ሳይመረት እንደሚቀር አሊክስፓርትነርስ የተባለው አማካሪ ድርጅት ገምቶ ነበር።

እነሆ፣ ገዢው ሻጩን ይጠብቃል፣ ሻጩ ፋብሪካውን፣ ፋብሪካው ቺፕ አምራቹን። ቶዮታ ከ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አቅራቢዎቹ ለወራት የሚበቃ ቺፕ እንዲያከማቹ አድርጎ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ከብዙዎች ተሽሎ ቆይቷል። መጋዘንን በማጥፋት የታወቀው ድርጅት ለአንዲት ዕቃ መጋዘን መልሶ ሠራ። እርሱም ቢሆን በመጨረሻ አላመለጠም። በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ለጃፓን ገበያ የቀረበውን ላንድክሩዘር 300 ያዘዙ ሰዎች እስከ አራት ዓመት ሊጠብቁ እንደሚችሉ በቀጣዩ ጥር ድርጅቱ ራሱ አስታወቀ። ገዢዎች መኪናውን ለተወሰነ ጊዜ መልሰው እንዳይሸጡ ቃል እንዲገቡም ይጠየቁ ነበር። ለምን? አሮጌው ከአዲሱ በላይ መሸጥ ጀምሮ ስለነበር ነው። የዝዊካው ተአምር በቶኪዮ ተደገመ ማለት ነው። ሥርዓቱ የተለያየ ነው፤ የወረፋው ሕግ ግን አንድ ነው።

ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ቶዮታ «አራት ዓመት» ብሎ በአደባባይ ተናገረ። መጥፎ ዜና ነው፤ ሆኖም ሰው የሚወስንበት ዜና ነው። ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋ ሥነ ልቡና በጻፈው ጥናት እንዳሳየው፣ መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃ መጨረሻው ከታወቀው ይረዝማል፤ ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ ከተነገረው ይረዝማል፤ ፍትሕ የጎደለው ጥበቃም ፍትሕ ካለው ይረዝማል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ትዕግሥትን አስተምረውናል። ዶሮዋ ግን የምትታቀፈው 21 ቀን ነው፤ ቀኑም የታወቀ ነው። ቀን የሌለው ወረፋ ውስጥ ላለ ሰው ይህን ተረት መንገር ተረቱን አለቦታው ማዋል ነው።

የእኛ ወረፋ

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ አንድ ሰው ከወኪል ሻጭ አዲስ መኪና ሲያዝ ቢያንስ አምስት ወረፋዎች ውስጥ በአንድ ጊዜ ይገባል። የመጀመሪያው የሻጩ መዝገብ ነው። ሁለተኛው ባንክ ነው፤ ሻጩ ኤልሲ ለመክፈት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ ይመዘገባል፣ ይጠብቃል። ሦስተኛው የፋብሪካው የምርት ተራ ነው። አራተኛው መንገዱ ነው፤ መርከብ፣ ጅቡቲ ወደብ፣ ከዚያም ሞጆ ደረቅ ወደብ። አምስተኛው ጉምሩክ፣ ከዚያም የሰሌዳ ቁጥር ማውጣት ነው። ገዢው በውል የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አራቱ ከጀርባ ያሉ ናቸው።

ከአምስቱ ለብዙ ዓመታት ረጅሙ ሁለተኛው ነበር። ምክንያቱን ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ጊዜያት በጥቁር ገበያ የአንድ ዶላር ዋጋ የባንኩን እጥፍ ወደመሆን ተጠግቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን በባንክ ዋጋ ዶላር ማግኘት ስጦታ ማግኘት ነው። ስጦታ በሚታደልበት ደጅ ደግሞ ሰልፍ አይጠፋም። አን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አስመጪ ፈቃድ ስትጽፍ እንዳመለከተችው፣ እንዲህ ያለ ስጦታ ባለበት ሰዎች ጉልበታቸውን በማምረት ፈንታ ወደ ስጦታው ለመቅረብ ያውሉታል። እኛም ዘንድ ከውጭ አገር የራሱ ምንዛሪ ያለው ሰው የባንኩን ወረፋ የሚዘልልበት፣ በየጊዜው ሲፈቀድና ሲከለከል የኖረ ፍራንኮ ቫሉታ የሚባል በር ነበር። ጌኔክስን አስታውሳችሁ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ባሕር ማዶ ዘመድ ያለውና የሌለው እኩል አይጠብቁም።

የእኔ ውል

አሁን ቀድሜ ወዳልሁት ሌላ ምክንያት ልምጣ። እናቴ ደብረ ብርሃን ትኖራለች፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፏል። ለልብ ሕመም ክትትል በየወሩ አዲስ አበባ ትመጣለች። ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ እቀበላታለሁ፤ ከሚኒባስ ስትወርድ እግሯ አብጦ ጫማዋ አይገባላትም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከአንድ ሻጭ ጋር ተዋውዬ አንዲት ትንሽ የቤንዚን መኪና አዘዝሁ። ቅድመ ክፍያው 600,000 ብር ነበር፤ ገሚሱ የብዙ ዓመት ቁጠባዬ፣ ገሚሱ ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን የተበደርሁት። ስምንት ወር ተባልሁ። ለእናቴም ስምንት ወር አልኋት።

ስምንተኛው ወር ታኅሣሥ 2016 ነበር። መኪናዋ አልመጣችም። በጥር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተሰማ። ሻጩ ጠርቶ በኤሌክትሪክ መኪና እንድለውጥ ሐሳብ አቀረበልኝ፤ ተቀበልሁ። ተራዬ ግን እንደ አዲስ ከመጨረሻው ተቆጠረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ነሐሴ ላይ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ዋጋው ተከልሷል፣ ልዩነቱን እንድከፍል ተጠየቅሁ። የዋጋው ጭማሪ በመኪናዋ ላይ ብቻ እንደማይቆም ልብ በሉ፤ ቀረጥና ታክስ የሚሰሉት የዕቃው ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር ከተመነዘረ በኋላ ነው። ዶላሩ እጥፍ ሲሆን መቶኛው ባይለወጥም ታክሱም በብር እጥፍ ይሆናል።

መክፈል አልቻልሁም። ጥቅምት 2017 ውሉን አቋረጥሁ። ገንዘቤ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ተመለሰልኝ፤ 600,000 ብር። በሰጠሁበት ቀን በባንክ ምንዛሪ ከ11,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በተቀበልሁበት ቀን 5,000 ገደማ። የማኅበሩን ወለድ ግን ለ18 ወራት ከፍያለሁ። ወዳጆቼ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔ እንኳ ላሟን የገዛሁት በብድር ነው።

ሻጩን ልከስስ አልመጣሁም። በመጨረሻው ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ «ዶክተር፣ እኛም እንደ እርስዎ ባንክ ደጅ ስንጠብቅ ነው የከረምነው» አለኝ፤ አምነዋለሁ። ውሉም አልተጣሰም። ቤቴ ገብቼ ደግሜ ሳነበው ሁሉም ነገር ተጽፏል። የምንዛሪ፣ የታክስና የፋብሪካ ዋጋ ሲለወጥ ዋጋው ይሻሻላል። ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለሚደርስ መዘግየት ሻጩ አይጠየቅም። ገንዘቡ የሚመለሰው ያለ ወለድ ነው። አደጋ እንደ ውሃ ነው፤ ከባንክ ወደ ሻጭ፣ ከሻጭ ወደ ገዢ እየወረደ ዝቅ ያለው ስፍራ ላይ ይቋጠራል። ዝቅ ያለው ስፍራ እኔ ነበርሁ። የወረፋን ኢኮኖሚክስ ለሃያ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ያን ውል ያነበብሁት ዋጋውንና ቀለሙን ለማየት ብቻ ነው።

ምን ይደረግ?

ዋናው ቁም ነገር ቅድመ ክፍያ ብድር መሆኑ ነው። ገዢው ለሻጩ ያለ ወለድና ያለ ዋስትና ያበድራል። ባንክ እንዲህ አያበድርም፤ ባንክ ዋስትና ይጠይቃል፣ የመክፈያ ቀን ይወስናል፣ በመዘግየት ቅጣት ይጥላል። እኛ ግን ብድሩን «ተራ መያዣ» ብለን ስለጠራነው አበዳሪነታችንን ረሳነው።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር የሚያውቀው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ስለ ቀብድ ሲደነግግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ወገን ከተወ ግን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይናገራል። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚያጣው ነገር ይኑረው። በእኔ ውል ላይ ያለው ቃል ግን «ቀብድ» አልነበረም፤ «ቅድመ ክፍያ» ነበር። በአንድ ቃል ልዩነት ውስጥ ያን ያህል ነገር ሊኖር እንደሚችል የሕግ ባልደረቦቼ ከእኔ የተሻለ ያስረዱአችኋል።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው፣ መኪናም ይሁን ቤት ወይም ማሽን፣ ገንዘብ ከፍሎ ተራ ከመያዙ በፊት አራት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ከፊቴ ስንት ሰው አለ፣ በወርስ ስንት ይስተናገዳል? ሁለተኛ፣ በምጠብቅበት ጊዜ ገንዘቤ የት ይቀመጣል? በሻጩ ሥራ ማስኬጃ ውስጥ ይገባል ወይስ በተለየ ሒሳብ? ሦስተኛ፣ ዋጋ ወይም ሕግ ቢለወጥ ጉዳቱን ማን ይሸከማል፣ በምን ያህል ድርሻ? አራተኛ፣ መውጣት ብፈልግ በምን እወጣለሁ? ተራዬን ለሌላ ማስተላለፍ እችላለሁ? የከፈልሁት ገንዘብስ ከነጊዜው ዋጋ ይመለሳል?

ይህ የገዢው ብቻ ሥራ አይደለም። ተራ በይፋ የሚታይበት መዝገብ፣ ለቅድመ ክፍያ የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ አደጋን በድርሻ የሚከፍል አርአያ ውል፣ እነዚህ ተቆጣጣሪ አካላት ሊያዘጋጁአቸው የሚችሉ፣ ዶላር የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። እጥረትን በአንድ ቀን ማጥፋት አይቻልም። የእጥረትን ሸክም በፍትሕ ማካፈል ግን ዛሬም ይቻላል። እዚህ ያላችሁ ተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስታስሱ፣ በአገራችን በቅድመ ክፍያ ስም በየሻጩ እጅ ያለው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ብታጠኑልን ትልቅ አገልግሎት ታበረክታላችሁ።

በአንድ ነገር ልፈጽም። ከወረፋ ዋጋዎች መካከል በሒሳብ የማይገባ አለ። እናቴ በመጀመሪያዎቹ ወራት ላምበረት ስቀበላት፣ ከሰላምታ ቀጥላ፣ «ልጄ፣ መኪናው ደረሰ እንዴ?» ትለኝ ነበር። «ቀርቧል» እላት ነበር። ከዚያ አንድ ወር ላይ መጠየቅ አቆመች። የትኛው ወር እንደሆነ አላስታውስም፤ ደብተር ላይ ያሰፈርሁት የክፍያ ቀኖችን ብቻ ነው። ዛሬም በየወሩ በሚኒባስ ትመጣለች፤ እኔም መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ያ ጥበቃ መጨረሻው የታወቀ ነው፤ ሚኒባሱ ቢዘገይም ይመጣል። የሌላው ጥበቃ ዋጋ ግን 600,000 ብር ላይ አያቆምም። ሰው የሰጠውን ቃልም ይበላል፤ እኔ ለእናቴ የሰጠሁት ቃል የቆመው ሌላ ሰው ለእኔ በሰጠኝ፣ እርሱም ከሌላ በተቀበለው ቃል ላይ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃችኋል። ቆማችሁ ሳላችሁ ከፊታችሁ ያለውን ሰውና በደቂቃ የሚጭነውን ታክሲ ቁጠሩ፤ ሊትል ሰዓቱን ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ሊትል የማይመልሰውን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ ስጠብቅ፣ የሚጠብቀኝ ማን ነው?